ከቱርሚ የመጣው ብስክሌት

መምህር ደምሰው ጉድጓዱ ሥር በጀርባው ተንጋሎ፣ ብስክሌቱን ደረቱ ላይ ታቅፎ ተኝቷል። በሕይወት ሳለ ሰውን ሁሉ ቁልቁል ያይ ስለነበር፣ አሁን ሰው ሁሉ ቁልቁል ሲያየው የተናደደ ይመስላል።

ኢንስፔክተር ባዩሽ በገመድ ወርዳ አጠገቡ ተንበረከከች። የኋላ ጭንቅላቱ ተሰብሯል፤ ከሥሩ ያለው ግን ልስልስ አፈር ነው፤ ጭንቅላት ይቅርና እንቁላል አይሰብርም። ኪሱ ባዶ ነው። የለበሰው ከጂንካ ወደ ቱርሚ በብስክሌት ለሚጓዙት ሁሉ በአንድ ልክ የተሰፋውን ሰፊ ቱታ ነው። የቱታው የግራ እግር ጫፍ ካልሲው ውስጥ በጥንቃቄ ተጠቅጥቋል፤ የቀኙ ተለቋል። ባዩሽ ይህን ካልሲ ከፊቱ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ አየችው።

ጉድጓዱ ሰው የቆፈረው አይደለም። ከአርቦሬ ወደ ቱርሚ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ይህ መሬት የኖራ ድንጋይ ነው። አልፎ አልፎ የሚጥለውን ዝናብ አንድ ጠብታ ሳያስቀር ይጠጣና፣ ውስጥ ውስጡን ሲቦረቦር ኖሮ አንድ ቀን ይደረመሳል። ከላይ ድንጋዩ እንደ ቢላዋ የሾለ ነው፤ በመካከሉ የሚበቅለው እሾህ ነው። በዚህ ላይ ብስክሌት መንዳት የማን ሐሳብ እንደነበር መጠየቅ አላስፈለጋትም። የሐሳቡ ባለቤት እፊቷ ተጋድሟል።

«ጉዳዩ አልቋል፣ ኢንስፔክተር!» የሚል ድምፅ ከላይ መጣ። አቶ ተመስገን ናቸው፤ የቱሪዝም ቡድን መሪ፣ በቅርቡ ኃላፊ ይሆናሉ የሚባልላቸው። «ገዳዩን እኛው ይዘን አስረነዋል። ለእርስዎ የቀረው መፈረም ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ባዩሽ እየወጣች። «ቀብሩንስ ምነው ለእኛ ተዋችሁት?»

የታሰረው ዳርጌ ነበር። ከጂንካ ጀምሮ የብስክሌተኞቹን ዕቃ በፒክአፕ ጭኖ ከኋላ ከኋላቸው ሲከተል የመጣ የአሪ ብሔር ሰው ነው፤ ሾፌራቸውም፣ አስጎብኚያቸውም፣ አስተርጓሚያቸውም እሱ። እጁን በዕቃ ማሰሪያ ላስቲክ ጠፍረው ከገዛ መኪናው ጋር አስረውታል። ራቅ ብለው የሐመር ሽማግሌዎች በትንንሽ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል። ማንንም ሰላም አላሉም። ማንም ሰላም አላላቸውም።

ባዩሽ የምታውቀው አንድ ነገር አለ። ከቱርሚ ከመነሳቷ በፊት አለቃዋ ደውሎ «ሾፌሩ ነው አሉ፤ ጫኚውና ወደ ጂንካ አምጪው፤ እንግዶቹን አታንገላቺ» ብሏታል። ዳርጌ አንዴ ገዳይ ተብሎ ጂንካ ከገባ ደግሞ ያን ስም የሚያወልቅለት ሰው ለማግኘት ዕድሜው አይበቃም። ስለዚህ መኪናው ከመነሳቱ በፊት ካላወቀች አላወቀችም።

«ዝተህበታል አሉ» አለችው።

«ዝቻለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«‹እዚሁ ትቀራለህ› ብዬ።»

«ጎሽ። ቀረ።»

ዳርጌ መሬት ላይ ምራቁን ጢቅ አደረገ። «ትናንት ፍየሎቹ የሚጠጡበት ገንዳ ውስጥ ሳይክሉን አጠበ። በዚህ አገር! ‹ተው› ስለው ‹አንተ ተርጉም እንጂ አትምከር› አለኝ። ሕዝቅኤል ባይዘኝ በጥፊ አጠናግረው ነበር። ፊት ለፊት ግን። ከኋላ የሚመታ ወንድ እናቴ አልወለደችም።»

ሕዝቅኤል የስፖርት መምህር ነው፤ ጭኑ የአንድ ቤት ምሰሶ ያህላል።

«አንተስ ከሟቹ ጋር ተጣልተህ ታውቃለህ?»

«ያልተጣላንበትን ቀን ቢጠይቁኝ ይቀላል። ትናንት ‹ጡንቻህ ጭንቅላትህን በልቶታል› አለኝ።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«‹ያንተንስ ምን በላው?›»

«ሲነጋጋ የት ነበርክ?»

«ድንኳኔ ውስጥ፣ ጎማ ስለጥፍ። ይሄ የእሾህ አገር ነው፣ ኢንስፔክተር። ጎማውን ሳይለጥፍ የተነሳ ሳይክሉን እሱ ተሸክሞ ነው የሚሄደው። ከዚያ መምህርት ሐና ስትጮህ ወጣሁ። አቶ ተመስገን ‹ሂድና ደውል፣ ገዳዩ ተይዟል በል› ሲሉኝ፣ ኔትወርክ እስከማገኝበት ኮረብታ ድረስ ነዳሁ።»

ሐና የሟቹ የሥራ ባልደረባ ናት፤ ሁለቱም የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ናቸው። ዓይኗ ደርቋል።

«የእነዚህን ዋሻዎች ጥናት የሠራሁት እኔ ነኝ። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም ግን የእሱ ነው።»

«ትጠይው ነበር ማለት ነው?»

«‹ነበር› አይደለም፤ አሁንም እጠላዋለሁ። ስለሞተ ይቅር የምለው መስሎት ከሆነ ተሳስቷል።» ጫማዋ ላይ የተሰካውን እሾህ ነቅላ ጣለች። «ማታ እራት ላይ ስልኩን እያየ ብቻውን ይስቅ ነበር። ‹ነገ ቱርሚ አቀባበሉ ላይ አንድ ፊልም አሳያችኋለሁ፤ ሆዳችሁን ይዛችሁ ነው የምትስቁት› አለን።»

«ስልኩ የታለ?»

«እኔ ምን አውቄ? እሱ የእኔን ነገር ይወስዳል እንጂ እኔ የእሱን ወስጄ አላውቅም።»

የቀሩት አቶ ተመስገን ናቸው። እሳቸው ከጂንካ አብረው አልተነሱም። ትናንት አመሻሽ ላይ ነው፣ እንግዶቹን ለመቀበል ከቱርሚ ብቻቸውን በብስክሌት የመጡት። ብስክሌታቸው ቋጥኝ ተደግፎ ያበራል። ባዩሽ ከእሳቸው ጋር እያወራች በጣቷ የፊት ጎማውን መሃል ዳበስ ዳበስ አደረገችው።

«ይሄን መንገድ ሁሉ ብቻዎን ነዱት?»

«ምን ችግር አለው! የጂንካ ልጅ አይደለሁ? ሳይክል የለመድኩት ድሮ ከተማው መሃል በነበረው አውሮፕላን ማረፊያ ሣር ላይ ነው።»

«እኔም እዚያው ነው የለመድኩት። አውሮፕላን ሲመጣ በአለንጋ እየተባረርን።»

«አዎ! አዎ! ምን ዓይነት ጊዜ ነበር!»

«ዛሬ ሲነጋጋ የት ነበሩ?»

«ኔትወርክ ፍለጋ እስከ ኮረብታው ነድቼ ሄጄ ነበር። ስመለስ ነው ጩኸት የሰማሁት። በእግር ቢሆን እስካሁንም አልደርስም ነበር» ብለው ሳቁ። ሌላ የሳቀ አልነበረም።

ባዩሽ ዞር ብላ አብሯት የመጣውን ኮንስታብል ጠራችው። «ጉታ! ሁሉንም ሰብስብልኝ። ዳርጌንም ፍታው።»

«ገዳዩን ሊፈቱት ነው?» አሉ አቶ ተመስገን።

«አስተርጓሚውን አስራችሁ ሽማግሌዎቹን በምን ላናግራቸው? በጥቅሻ?»

ከአንዲት ግራር ፊት ለፊት ተሰበሰቡ። ሽማግሌዎቹም በርጩማቸውን አንስተው ጠጋ አሉ። ነገሩ የፍርድ ነገር መሆኑ ያለአስተርጓሚ ገብቷቸዋል።

«በየተራ ሳይክል እየነዳችሁ ያችን ግራር ዞራችሁ ትመጣላችሁ» አለች ባዩሽ።

«ሰው ሞቶ ውድድር?» አለች ሐና።

«ካልፈለግሽ ዝርዝሩን ጂንካ ሄደን እንነጋገራለን።»

ሕዝቅኤል ቀደመ። ጎንበስ ብሎ የቱታውን የቀኝ እግር ካልሲው ውስጥ ከተተና ነዳ። ሐናም እያጉረመረመች ጎንበስ አለች፤ ቀኟን ከተተች፤ ዞራ መጣች። ከዚያ ዳርጌ የሕዝቅኤልን ብስክሌት ከእጁ መንጭቆ ወሰደ። ካልሲ ስለሌለው የሱሪውን ቀኝ እግር እስከ ጉልበቱ ጠቀለለው። ባቱ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ የተደረደረ የቆየ ጠባሳ ታየ። ላስቲኩ እጁን ስላደነዘዘው መሪውን ሳይነካ፣ ሁለት እጁን አንጠልጥሎ ግራሯን ዞራት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠራረገ። የዚያን ቀን ከእነሱ የተሰማ የመጀመሪያው ደግ ድምፅ ይህ ነበር።

«አቶ ተመስገን?»

አቶ ተመስገን ሦስቱንም በደንብ አይተዋል። ጎንበስ ብለው ቀኛቸውን ካልሲያቸው ውስጥ ከተቱ። ቀና አሉ። መሪውን ያዙ። ብስክሌቱን አዩት፤ ብስክሌቱም ያያቸው መሰላቸው።

«ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል» አሉ።

«ትናንት ከቱርሚ ያመጣዎት ጉልበት? ዛሬ ጠዋትስ ኮረብታው ድረስ ወስዶ የመለሰዎት?»

«ይሄ መናቅ ነው! ለአለቃዎ እናገራለሁ!»

«ይነገራል። መጀመሪያ እኔ ልናገር» አለችና ባዩሽ ወደ ሌሎቹ ዞረች። «ደምሰው ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ አልሞተም። እታች ጭንቅላት የሚሰብር ድንጋይ የለም። በእግሩ ወጣ ብሎ አፋፉ ላይ ቆሞ ሳለ አንድ ሰው ከኋላው በድንጋይ መታውና ወረወረው። ያ ሰው ከዚያ ወደ ድንኳኖቹ ተመልሶ የሟቹን ሳይክል እየገፋ አመጣና በላዩ ጣለው፤ በጨለማ ሲነዳ ገባ እንዲባል። ከመወርወሩ በፊት ግን ሬሳውን ብስክሌተኛ ለማስመሰል ሱሪውን ካልሲው ውስጥ ጠቀጠቀለት። የትኛውን እግር?»

ሁሉም የየራሳቸውን እግር አዩ።

«የግራውን። ፊት ለፊቱ ተንበርክኮ የራሱን ቀኝ አሰበ፤ የሟቹ ግራ መሆኑ አልታየውም። የሳይክል ካቴና ያለው በቀኝ በኩል ነው። አንዴ ሱሪውን የተነከሰ ሰው ደግሞ በእንቅልፍ ልቡም ቢሆን አይሳሳትም። አሁን እንኳ ሦስታችሁ ሳታስቡት ነው ያደረጋችሁት፤ ዳርጌ ጠባሳው ሳይቀር አለው። ስለዚህ ማን ይጠላው ነበር ብዬ መጠየቅ አቆምኩ፤ ስትጠሉት የነበራችሁት ሁላችሁም ናችሁ። የጠየቅኩት ከመካከላችሁ ሳይክል የማይችል ማነው ብዬ ነው።»

«እኔ ከቱርሚ ነድቼ...»

«ጎማው አልነዳም ይላል። አዲስ ጎማ ላይ እንደ ጸጉር ብቅ ብቅ ያሉ ቀጫጭን ላስቲኮች አሉ፤ ትንሽ እንደተነዱ መሃል መሃሉ ላይ ያሉት ተበልተው ያልቃሉ። የእርስዎ ላይ ሁሉም እንዳሉ ቆመዋል። በዚህ ድንጋይ ላይ! ደግሞስ ኔትወርክ ኮረብታው ላይ መኖሩን ዛሬ ጠዋት ደርሰው ያዩት እርስዎ ከሆኑ፣ ስልክ ለማስደወል ሕዝቅኤልን ለምን ላኩት?» ወደ ኮንስታብሉ ዞረች። «ጉታ፣ ከመቀመጫው ሥር ያለችውን ቦርሳ ክፈታት።»

«አትንካ!» ብለው አቶ ተመስገን ተወረወሩ። ሕዝቅኤል በአንድ እጁ አንጠልጥሎ አቆማቸው።

በሌሎቹ ሦስት ብስክሌቶች ቦርሳ ውስጥ ያለው ማስቲሽና የጎማ መለጠፊያ ነው። ከዚህኛው የወጣው የደምሰው ስልክ ነው።

«ማንም የማይከፍታት ጌጥ መሰለችዎ» አለች ባዩሽ። «በእሾህ አገር ከሁሉ ቀድማ የምትከፈተው እሷ ናት።»

አቶ ተመስገን መሬት ላይ ተቀመጡ። ድምፃቸው ቀጠነ። «ከአይሱዙ ላይ ሳይክሉን ይዤ ስወርድ ቀረጸኝ። ከቁጥቋጦው ኋላ ተደብቆ! ልገፋው ስል ወደቅሁ፤ እሱንም ቀረጸው። ‹አጥፋልኝ› አልኩት። ለመንኩት፣ ሰው ለሰው እንደማይለምነው አድርጌ! ሳቀብኝ። ዛሬም አፋፉ ላይ ፊቱን ፀሐይ ወደምትወጣበት አዙሮ እየሳቀ ነበር።»

«እኔንስ?» አለ ዳርጌ። «እኔ ምን አደረግኩህ?»

«የጭንቅላቱን ስብራት አይቶ ‹ወድቆ ነው› የሚል ሰው ጠፋ፤ አንተ ደግሞ ዝተህበት ነበር» አሉ አቶ ተመስገን ቀና ብለው ሳያዩት። ጉታ ዳርጌ ታስሮበት በነበረው ላስቲክ እጃቸውን አሰረ።

ሬሳው ተነስቶ የዳርጌ ፒክአፕ ላይ ተጫነ። ሕዝቅኤል «ይቅርታ ወንድሜ፣ በችኮላ ነው...» ብሎ ሲጀምር ዳርጌ የመኪናውን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ይቅርታህን ለፍየሎቹ ንገራቸው። ገንዳው ታጥቦ በንጹሕ ውሃ ሳይሞላ ይሄ መኪና አይነሳም። አንቺም ተነሺ፣ መምህርት። ዋሻ አጥንተሻል፤ ውሃው የት እንዳለ አታጪም።»

ሁለቱ ሳይከራከሩ ጄሪካን አንስተው ሄዱ። ሽማግሌዎቹ ከበርጩማቸው ሳይነሱ አንዲት እድፍ እንዳታልፍ ይጠብቁ ጀመር።

ባዩሽ የፖሊሱን መኪና በር ልትዘጋ ስትል አቶ ተመስገን አንገታቸውን አወጡ።

«ኢንስፔክተር፣ አንድ ነገር ልለምንዎ። ገደለ ብለው ይጻፉ፤ ገድያለሁ፣ ምን አደርጋለሁ። ግን ሪፖርቱ ላይ... ሳይክል አይችልም የምትለዋን ይተዉልኝ። ጂንካ የሚያውቀኝ ሰው አለ።»

«እሷን ትቼ በምን ላስረዳ?» አለች ባዩሽ። «ማስረጃዬ እሷው ናት።»

በሩን ዘጋችው። ጉታ ብስክሌቱን ጎማው ምንም እንዳይነካ ተጠንቅቆ ከኋላ ጫነው። ከቱርሚ የመጣው ብስክሌት፣ እንደ አመጣጡ በመኪና ወደ ቱርሚ ተመለሰ።