ሀያ ያስተማረቻት ቃል

«ናያ! ሁለት ዳቦ!» አለች ሀዊ ፈገግ ብላ።

ዳቦ ሻጯ ማይሙና ፈገግታዋን አልመለሱላትም። ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር ልጅ አዋቂው «ኤዶ»፣ አክስቴ፣ እያለ የሚጠራቸውን ሴት፣ ከአሰላ ከመጣች ሳምንት ያልሞላት ልጅ በሶማሊኛ «ናያ»፣ ስሚ አንቺ፣ ብላ ጠራቻቸው። ፊታቸውን አዙረው ከኋላዋ ለቆመው ሰው ሸጡ።

ከጥጉ የቆሙት የሀያ የክፍል ጓደኞች በሳቅ ፈነዱ። ሀያም አብራ ሳቀች። ቃሉን ለአክስቷ ልጅ ለሀዊ ያስተማረችው እሷ ናት። «የአገሩን ሰው መምሰል ከፈለግሽ ትልቅ ሴት የምትጠራው እንዲህ ነው» ብላት፣ ሀዊ መንገዱን ሙሉ ስትለማመደው ነበር የመጣችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሀዊ ከቤት አልወጣም አለች። ዳቦ ግዢ ስትባል ራሴን አመመኝ ትላለች። ሀያ ጓደኞቿ ነገሩን እያነሱ ሲስቁ አብራ መሳቅ አቃታት። እሷም ከሐረር እንደመጣች ሰሞን የትምህርት ቤቱ ልጆች ፈረንሳይኛዋን እየደገሙ ሲያሾፉባት፣ ሽንት ቤት ገብታ ያለቀሰችው ትዝ አላት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሚሽከረከረው ቬንቲላተር ሥር ተጋድመው ሳለ ሀዊ ዞር አለች።

«ሀያዬ፣ በናትሽ አንድ ነገር አስተምሪኝ።»

«ምን?»

«በሶማሊኛ ይቅርታ ምንድን ነው? አንቺ በደንብ ነግረሽኝ ነበር፤ እኔ ነኝ አፌ ላይ ያበላሸሁት። ሴትዮዋን በጣም ነው ያስከፋኋቸው።»

ሀያ ዓይኗን ወደ ቬንቲላተሩ መለሰች። «ራሊ አሆው» አለች እንደምንም።

«ራሊ… አሆው። ልክ ነኝ?»

ልክ ነበረች። ሄዳ ትላቸዋለች፣ እሳቸውም ይቅር ይሏታል፣ ማንም ምንም ሳያውቅ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ሀያ ከፍራሹ ተነሥታ ሻሿን አሰረች።

«ነይ፣ አብረን እንሂድ። አንቺ ግን ምንም አትናገሪም።»

«ታዲያ ማን ሊናገር?»

ሀያ ጫማዋን ፍለጋ ጎንበስ አለች።

ማይሙና ሁለቱን ሲያዩ ፊታቸው ቅጭም አለ። «ኤዶ» አለች ሀያ። በሶማሊኛ ቃሉን ማን እንዳስተማረ፣ ለምን እንዳስተማረ፣ ማን እንደሳቀ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ሴትዮዋ ሳያቋርጧት ሰሟት። ከዚያ ሁለት ዳቦ አንሥተው ለሀዊ ሰጧት።

ሀዊ አንድም ቃል አልገባትም። ዳቦውን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ደስ ብሏት፣ «ምን አልሻቸው?» አለች።

ሀያ እጇን ይዛ መንገዱ ዳር ወዳለ ጥላ ሥር ወሰደቻት።

«ቁጭ በይ» አለች በአማርኛ። «ላንቺም ልንገርሽ።»