አሥራ ስምንቱ ሰከንድ

«ሮኬት ዛሬ ምን ነካው?» አሉ የኑድል ሻጯ ናንግ ፑሪንግ፣ ጭልፋቸውን ወደ ሬዲዮው ቀስረው። «ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ የልደቴን ሰላምታ ካነበበልኝ ወዲህ ዘፈን በዘፈን ላይ ይደርባል እንጂ ትንፍሽ አላለም። እሱ ዝም ከሚል የኢሎይሎ ከተማ ዶሮ ሁሉ ዝም ቢል ይቀላል!»

«እርጅና ነዋ፣ ናንግ። ስልሳ ሁለት ዓመቱ እኮ ነው» አለች የፖሊስ ካፒቴኗ ሄርሚኒያ ባይሎን፣ የኑድል ሾርባዋን እያማሰለች።

«እኔስ? ሰባ ሞልቶኝ ዝም ብያለሁ?»

ካፒቴኗ ሳቀችና ወደ ሾርባዋ ተመለሰች። እሑድ ጠዋት የላፓዝ ገበያ ሰው ሁሉ የሚያዳምጠው ሮኬትን ነው። እናቱ ያወጡለት ስም አንሴልሞ ቢሆንም በዚያ ስም የሚጠራው የለም። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ፣ ከተማው በፖስትካርድ የመረጣቸውን ሃያ ዘፈኖች ከሃያኛው እስከ አንደኛው ሲቆጥር፣ ሙሽራ እንኳ ከቤት ሳይወጣ ይጠብቀው ነበር። አሁን እነዚያኑ ዘፈኖች በየእሑዱ ያስታውሳል። ለዛሬ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ቀጠሮ ሲሰጥ ከርሟል፤ በ1988 ዘጠኝ ሳምንት አንደኛ የነበረውን «ጀልባው ሳይመለስ»ን ልክ በአራት ሰዓት ያጫውትና፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የደበቀውን አንድ ነገር ይናገራል።

አራት ሰዓት ሞላ። ናንግ ፑሪንግ እንደ ልማዳቸው ከድስቱ አጠገብ ያለውን የካሴት መቅረጫ ቀይ ቁልፍ ተጫኑ።

«ወዳጆቼ፣ ልክ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው!» አለ የሮኬት ድምፅ፣ ሙዚቃው ከሥሩ እየፈሰሰ። «በሰማንያ ስምንት ወጣት የነበራችሁ ሁሉ ልባችሁን ያዙ። ዘጠኝ ሳምንት ከዙፋኑ ያልወረደው፣ ያስለቀሳችሁ፣ ያጋባችሁ፣ ያፋታችሁም…» ሲል የዘፋኟ የዲቪና ሬይ ድምፅ ከሥር ብቅ ብሎ ነበር፤ «…እነሆ፣ ጀልባው ሳይመለስ!»

የሄርሚኒያ የቀኝ እጅ አውራ ጣት በድንገት ተቁነጠነጠ። ማንኪያዋን አስቀመጠች። የሆነ ነገር ቅር ብሏታል፣ ምን እንደሆነ ግን አታውቅም። ዘፈኑ አለቀ፣ ሬዲዮው ፀጥ አለ፣ ሮኬትም ምንም አልተናገረም። ጥቂት ቆይቶ ስልኳ ጮኸ።

«ሄርሚኒያ፣ ሾርባሽን ተይው» አላት አለቃዋ ኮሎኔል ዳቶን። «ሮኬት ተገድሏል። ገዳዩንም ይዘነዋል። አንቺ የሚቀርሽ መጥተሽ መፈረም ነው።»

ሮኬት ስቱዲዮው ውስጥ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ፣ የጆሮ ማዳመጫው አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። በ1988 የተሸለመው የብረት ዋንጫ ደም ተቀብቶ እግሩ ሥር ወድቋል። ሄርሚኒያ ረጅም ጊዜ የመረመረችው ግን ሬሳውን ሳይሆን ከጎኑ ያለውን የሸክላ ማጫወቻ ነው። መርፌው ከነክዳኑ ነው። «ጀልባው ሳይመለስ» ተብሎ የተጻፈበት ሸክላ ከአቃፊው አልወጣም፤ ሮኬት ያሰረበት ላስቲክም አልተፈታም።

ከውጭ ባለው አግዳሚ ላይ ኖንግ ቴሞ፣ ማለትም ጋሽ አርቴሚዮ፣ በካቴና ታስረው ተቀምጠዋል። የጣቢያው ቴክኒሻን ናቸው፤ አርባ ዓመት ሽቦ ሲፈቱና ሲያስሩ ጣታቸው ጠቁሯል። አጠገባቸው ያመጡት የዳቦ ከረጢት ሳይነካ አለ።

«ንገሯት እስቲ» አለ ኮሎኔሉ።

«ለአራት ሩብ ጉዳይ ደረስኩ፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «ቀይ መብራቱ በርቷል። ቀይ ከበራ በር አይከፈትም፣ ሕጋችን ነው። እዚሁ ተቀመጥኩ። ዘፈኑ አልቆ ፀጥ ሲል ግን አላስቻለኝም። ሬዲዮ ፀጥ አለ ማለት አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ከፈትኩ… እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

«እስከዚያ ድረስ የገባ ወይም የወጣ ሰው አልነበረም?»

«ማንም።»

ኮሎኔሉ እጁን አጨበጨበ። «ሰማሽ? በአራት ሰዓት ከተማው ሁሉ ሮኬትን ሰምቶታል፣ በሕይወት አለ። ከአራት በኋላ ሞቷል። በሩ ላይ የነበረው እሱ ብቻ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ራሱን በራሱ አሰረ።»

«ለምን ይገድለዋል?»

«በራሱ ሚስት ምክንያት ነዋ! ንገሯት፣ ኖንግ።»

ሽማግሌው ቀና አሉ። «በዚያ ዘፈን ላይ የምትሰሚው ድምፅ የዲቪና አይደለም። የሚስቴ የፔርላ ነው። ያኔ ልብስ አጣቢ ነበረች፣ ጥርሷ የተሰበረ፣ ፊቷ ለፎቶ የማይሆን። የጣቢያው ባለቤት ሮዴል ድምፅዋን ቀዳና ዲቪናን መድረክ ላይ አቆማት። ሮኬት ያውቅ ነበር፣ እኔም አውቅ ነበር። አምና ቀብሯ ላይ ሮኬት እጄን ይዞ ‹ስሟን እጠራዋለሁ› አለኝ። ዛሬ ነበር ቀኑ።»

«ሊጠራ ፈርቶ ይሆናል፣ ሽማግሌውም ተናደደ» አለ ኮሎኔሉ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ወህኒ ይሄዳል። ማታ አደባባዩ ላይ የሰማንያዎቹ ኮንሰርት አለ፤ ከንቲባው ከዚያ በፊት ነገሩ ተዘግቶ ማየት ይፈልጋሉ።»

«ለእስሩ አይደለም የማለቅሰው» አሉ ኖንግ ቴሞ በዝግታ። «አሁን ስሟን ማን ይጠራል?»

ሄርሚኒያ ወደ አግዳሚው ጠጋ አለች። አውራ ጣቷ እንደገና ተቁነጠነጠ። «እርስዎ በሩን ከከፈቱ በኋላ መጀመሪያ የደረሰ ማነው?»

«ሮዴል። ደውዬለት ከአደባባዩ እየሮጠ መጣ። ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ ብሎ ‹ለነፍሱ መዝሙር ልክፈትለት› አለ።»

«ሮኬት ያን ኮምፒውተር ይነካው ነበር?»

«እሑድ? ሞቶ ይገኛል! እሑድ በእጁ ካልሆነ አያጫውትም።»

አደባባዩ ላይ መድረክ ይተከላል፣ ገመድ ይጎተታል፣ ሁሉም ይጯጯሃል። ዲቪና ሬይ ፀጉሯን በሰማንያዎቹ ሥርዓት ወደ ላይ አስነስታ፣ ጃንጥላ ሥር ተቀምጣ ማንጎ ትበላለች። ሄርሚኒያ ስለ ሞቱ ስትነግራት ማንጎው ከእጇ ወደቀ።

«ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሄጄ ለምኜው ነበር» አለች እጇን እየጠረገች። «‹ዝም በል፣ ዕድሜዬን ሙሉ የምበላበት ነው› አልኩት። ‹በይ ሂጂ፣ ከንፈርሽን ማንቀሳቀስ ብቻ ታውቂበታለሽ፤ ዛሬ ጆሮሽን ተጠቀሚበት› አለኝ። ተሰድቤ ወጣሁ። ሦስት ከአሥር አካባቢ።»

«በተቀዳ ድምፅ፣ በፕሌይባክ፣ ሲሠሩ ከንፈርዎ ዘግይቶ አያውቅም?»

ዲቪና በዕንባዋ መሐል ፈገግ አለች። «አንቺ ልጅ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት! ሸክላው ከተነሣ አሥራ ስምንት ሰከንድ እቆጥራለሁ፣ በእግሬ ጣት። አሥራ ስምንት ሲሞላ አፌን እከፍታለሁ። ተኝቼም አልስተውም።»

ሮዴል ቪያሉስ የጣቢያው ባለቤት፣ የማታው ኮንሰርት አዘጋጅ፣ ያኔ ደግሞ የካሴቱ አሳታሚ የነበረ ሰው ነው። ሸሚዙ በላብ ወርዝቶ ሁለት ስልክ በአንድ ጊዜ ያናግራል። «ሦስት ተኩል ላይ ተለይቼው መጣሁ» አላት። «አራት ሰዓት ሲሆን ሃያ ሙዚቀኛ እዚህ ነበር። እጄን አንሥቼ ‹ዝም በሉ፣ ሮኬታችንን ስሙ!› አልኳቸው። ጠይቂያቸው።»

«ዘፈኑ ጥሩ ነው የተጫወተው?»

«እንዴታ! እንደ ሁልጊዜው።»

ጠየቀቻቸው። ሁሉም «አዎ፣ እጁን አንሥቶ ዝም አስባለን» አሉ። ዘፈን ሲሰማ ሃያ ሙዚቀኛ ዝም የሚያስብል ሰው ሄርሚኒያ አይታ አታውቅም። ሰዓቷን አየች፤ ስድስት ተኩል። አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቷት ከአደባባዩ ወደ ጣቢያው፣ ከጣቢያው ወደ ገበያው እግሯ ባመራት ሄደች።

ናንግ ፑሪንግ ድስት እያጠቡ አገኘቻቸው። «የጠዋቱ ካሴት አለ?»

«የቱ ጠፍቶ ያውቃል? ከ1987 ጀምሮ አንድ እሑድ አላመለጠኝም። ዛሬ ግን ልደመስሰው ነበር፤ ተበላሽቶብኛል።»

«እንዴት ተበላሸ?»

«ሲሞት ነው መሰል ሮኬት ባለጌ ሆነ! ዘፋኟ ላይ አወራባት።»

ሄርሚኒያ ቆማ ቀረች። ከዚያ ካሴቱን አስጀመረችና ዓይኗን ጨፈነች። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆና፣ አልጋዋ ላይ፣ የአባቷን መቅረጫ ታቅፋ፣ አውራ ጣቷን ቀዩ ቁልፍ ላይ አሳርፋ ትጠብቃለች። ካሴት መግዣ ያልነበረው የከተማው ልጅ ሁሉ እንዲያ ነበር፤ ሮኬት የሚለፈልፍበትን መግቢያ ሁሉም ይረግማል፣ ግን ሁሉም ያምነዋል፤ ዘፋኟ አፏን ልትከፍት አንድ ትንፋሽ ሲቀር ሮኬት ዝም ይላል። በዚያች ትንፋሽ ላይ ቁልፉን መጫን ነው። በዓመታት ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ አላሳሳታትም።

«ናንግ፣ እርስዎንም ካሴቱንም እፈልጋለሁ» አለች። አውራ ጣቷ አርፏል።

ስምንት ተኩል ላይ ስቱዲዮው ውስጥ ተሰበሰቡ። ሬሳው ተወስዷል። ኮሎኔሉ ሰዓቱን እያየ ቆሟል፣ ዲቪና ግድግዳ ተደግፋለች፣ ሮዴል በር አጠገብ ነው፣ ኖንግ ቴሞ በካቴናቸው ተቀምጠዋል። ናንግ ፑሪንግ መቅረጫቸውን እንደ ሕፃን አቅፈዋል።

«ሦስት ጥያቄ አለኝ» አለች ሄርሚኒያ። «ሮኬት ሸክላ ሊያጫውት አዘጋጅቶ ነበር። ሸክላው ግን ከላስቲኩ አልወጣም። ታዲያ በአራት ሰዓት የሰማነው ከየት መጣ?»

«ከኮምፒውተሩ ነዋ» አለ ኮሎኔሉ።

«በእሑድ የማይነካው ኮምፒውተር። ሁለተኛ፣ ለፍላፊው ሰው ለምን ከሦስት ከሃያ እስከ አራት ሰዓት ዝም አለ? ሦስተኛውን ስሙት። ናንግ፣ ይክፈቱልን።»

ካሴቱ ዞረ። «…ያጋባችሁ፣ ያፋታችሁም…» ሲል የሴቲቱ ድምፅ ገባ፣ ሮኬትም በላይዋ ላይ እያወራ ቀጠለ።

ዲቪና ግድግዳውን ለቀቀች። «ይሄ አሥራ ስምንት አይደለም! በዘጠኝ ገባች!»

«ለምንድነው በዘጠኝ የገባችው፣ ኖንግ ቴሞ?»

ሽማግሌው ቀስ ብለው መለሱ። «የካሴቱ ነው። ሸክላው አሥራ ስምንት አለው። ለገበያ ካሴት ሲሠራ መግቢያው በግማሽ ተቆረጠ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ያ ነው።»

«ማን አስቆረጠው?»

ሁሉም ወደ ሮዴል ዞሩ።

«ሮኬት ንግግሩን ለአሥራ ስምንት ሰከንድ ለካው፣ ምክንያቱም ሸክላ ሊያጫውት ነው» አለች ሄርሚኒያ። «የተቀዳው ግን ከዛሬ በፊት ነው። ገዳዩ ሦስት ተኩል አካባቢ መታው፤ ያለ ንግግር የሚሄዱ ዘፈኖች ደረደረ፣ በአራት ሰዓት የተቀዳውን ድምፅና ኮምፒውተሩ ውስጥ ያገኘውን ዘፈን አብሮ እንዲነሣ አዘዘ፣ ወጣ። አደባባዩ ላይ ሃያ ምስክር አቁሞ ጠበቀ። እዚህ በሩ ላይ ደግሞ ቀይ መብራት የሚያከብሩ ሽማግሌ ተጠርጣሪ ሆነውለት ተቀምጠው ነበር። ከዚያ መጀመሪያ ደርሶ ‹መዝሙር ልክፈት› እያለ ዱካውን አጠፋ። ኖንግ ቴሞ መግቢያውን ያውቁታል፣ አይስቱም። ዲቪናም በእግር ጣቷ ታውቀዋለች፤ ደግሞ እሷ ከወጣች በኋላ ሮኬት የናንግን ሰላምታ በሕይወት አንብቧል። ዘጠኙና አሥራ ስምንቱ አንድ የሚመስሉት፣ ዘፈኑን ሲሸጥ እንጂ ሲያዳምጥ ላልኖረ ሰው ብቻ ነው።»

«ተረት!» አለ ሮዴል። «ተቀዳ የምትይው የት አለ? ማን አይቶት?»

ዲቪና ወደ ፊት ቀረበች፤ አሁን ከተናገረች ማታ መድረክ እንደማይኖራት ታውቃለች።

«እኔ አይቻለሁ» አለች። «ሐሙስ ዕለት ለማስታወቂያ ነው ብለህ ሮኬትን በስልክህ ቀዳኸው። ‹አራት ሰዓት› የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገምከው። እኔም ያኔ ሳቅሁ።»

ኮሎኔሉ እጁን ዘረጋ። ሮዴል ስልኩን ከጀርባው ደበቀ።

«ለአንዲት አጣቢ!» አለ በተሰበረ ድምፅ። «ለሞተች አጣቢ ስም ብሎ ሊያዋርደኝ! ለመንኩት እኮ…»

ኮሎኔሉ ከኖንግ ቴሞ እጅ የፈታውን ካቴና እሱ ላይ አሠረው። ለፊርማው ያመጣውን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ሽማግሌውን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ነገሩን ሁሉ ከሄርሚኒያ የሰሙት ናንግ ፑሪንግ ግን አላለፉትም፦ «ኮሎኔል፣ ወለምታው የማን አፍ ላይ ሆነ?»

ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ነው። ሬዲዮው ከጠዋት ጀምሮ ያን መዝሙር ሲደጋግም ውሏል። ኖንግ ቴሞ ወደ ሸክላ ማጫወቻው ሄዱ፣ ላስቲኩን ፈቱ፣ ሸክላውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። ከዚያ ዞር ብለው ሄርሚኒያን አዩዋት።

«ማነው የሚናገረው?» አሉ።

«እርስዎ።»

«እኔ በአርባ ዓመት ውስጥ በሬዲዮ ተናግሬ አላውቅም።»

«ሮኬት የለም፣ ኖንግ። ሌላ የሚጠራት የለም።»

ቀይ መብራቱ በራ። መርፌው ወረደ። ናንግ ፑሪንግ አውራ ጣታቸውን ቀዩ ቁልፍ ላይ አሳረፉ፣ ዲቪናም በእግር ጣቷ መቁጠር ጀመረች።

«እንደምን ዋላችሁ» አሉ ሽማግሌው፤ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ ጀመረና እየጠነከረ ሄደ። «አርቴሚዮ እባላለሁ፣ ቴክኒሻን ነኝ። ይህን ዘፈን የዘፈነችው ባለቤቴ ናት። ልብስ ታጥብ ነበር። ስሟ ፔርላ ነው።»

አንድ ትንፋሽ ሲቀር ዝም አሉ። ከዚያ ፔርላ ዘፈነች።