ሠላሳ አንደኛው አሻራ

«ቆይ፣ ቆይ!» ነሲባ እጇን አነሣች። የባሏን ካፖርት ደርባ፣ በተገለበጠ ሣጥን ላይ እግሯን አነባብራ ተቀምጣለች። «እኔ ማን ነኝ?»

«ከጎንደር የመጣሽ እንግዳ» አለች ታንጉት።

«ታዲያ እንግዳ እንዲህ ነው የሚነገረው? ወረቀቱ ውስጥ ተቀበርሽ እኮ! ቀና በይና እዪኝ። ገንዘቡ ያለው እኔ ዘንድ ነው፤ ወረቀቱ ላይ አይደለም።»

በቀበሌው አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ፣ ግድግዳውን ተደግፈው እንዝርት የሚያሾሩት ሴቶች ሣቁ። ታንጉትም ሣቀች። ነገ ጠዋት ግን እውነተኛው እንግዳ ይመጣሉ። ከድርቁ በኋላ ለአምራች ማኅበራት መቋቋሚያ ገንዘብ የሚሰጥ አንድ የእርዳታ ድርጅት ነው የሚልካቸው። ማኅበሩን አይተው፣ ዕቅዱን ሰምተው ካመኑበት፣ ሁለት ሰፋፊ የሸማኔ ዕቃና የቆርቆሮ ቤት መሥሪያ ይሰጣሉ። ካላመኑበት ደግሞ መኪናቸውን አስነሥተው ወደ ዳባት ይሄዳሉ፤ እዚያም ሌላ ማኅበር ዓይን ዓይናቸውን እያየ ይጠብቃቸዋል።

ዕቅዱን የሚያቀርብ ሰው ሲፈለግ ሁሉም ዞሮ የዘጠነኛ ክፍሏን ታንጉትን ነበር ያየው። ከመካከላቸው የቢሮ አማርኛ የምትችለው እሷ ብቻ ናት።

«ጓዶች» ብላ እንደገና ጀመረች። «የተባበሩ ፈታዮች ማኅበር በ1975 ዓ.ም. ተቋቋመ። የማኅበሩ ዓላማ የአባላቱን የኑሮ ደረጃ...»

ነሲባ አንገቷን ደፍታ አንኮራፋች።

«ተዪ አንቺ፣ ልጅቱን አታዋክቢያት» አሉ የማኅበሩ ሊቀመንበር እትዬ አልጣሽ፣ ሣቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየሸፈኑ። «ስሚ ታንጉቴ፣ ስለ ገበያው ሲጠይቁሽ አታራዝሚው። ገበያችን ብርዱ ነው በያቸው። ከሊማሊሞ የሚወጣው ነፋስ እስካለ ድረስ ባና የማይገዛ ሰው በዚህ አገር አይገኝም።»

ታንጉት ይህን በእርሳስ ጻፈችው። የማኅበሩ ጸሐፊ መምህር ሻረው ያስጻፏት «የገበያ ጥናት» አንድ ሙሉ ገጽ ነበር፤ የእትዬ አልጣሽ አነጋገር ግን በለጠባት። የበጉ ፀጉር ከበየዳ ይመጣል፤ ሴቶቹ ይነድፉታል፣ ይፈትሉታል፤ ከዚያ ተሸምኖ ባና ይሆናል፤ ደገኛው የሌሊቱን ብርድ የሚገላገልበት ወፍራሙ የፀጉር ልብስ። ያላቸው የሸማኔ ዕቃ ጠባብ ስለሆነ አንዱን ባና ለመሥራት ሦስት ቁራጭ መስፋት ግድ ነው፤ ስፌቱም ዓመት ሳይሞላው ይተረተራል። ሰፊው ዕቃ ቢመጣ ባናው ወጥ ሆኖ ይወጣል፤ ዋጋውም እጥፍ ይሆናል። ይህን ለማስረዳት የቢሮ አማርኛ እምብዛም አያስፈልግም።

ለታንጉት ነገሩ ከባና በላይ ነው። እናቷ ደብረወርቅ ባለፈው ዓመት በተስቦ ከሞተች ወዲህ የምትኖረው እትዬ አልጣሽ ቤት ነው። እትዬ አልጣሽም ያን ሰሞን ልጃቸውን ጽጌሬዳን ቀብረዋል። በአንድ እንዝርት ሁለት ሰው አብልተው ተማሪ ማስተማር እንደከበዳቸው አልደበቋትም። «ገንዘቡ ካልመጣ አምባ ጊዮርጊስ አጎትሽ ዘንድ ትሄጃለሽ። እህል ሲሸጥ ታግዢዋለሽ» ብለዋታል። ስለ ትምህርቷ ምንም አላሉም፤ ታንጉትም አልጠየቀችም።

መምህር ሻረው የማመልከቻውን ቅጽና የአሻራ ቀለሙን ይዘው የገቡት ልምምዱ ሊያልቅ ሲል ነው። ወደ ደባርቅ ተዛውረው የመጡት ዘንድሮ ቢሆንም፣ ማታ ማታ ሴቶቹን ፊደል እያስቆጠሩ የማኅበሩ ጸሐፊ ሆነው አርፈዋል።

«ቅጹ አባላት ከሠላሳ ማነስ የለባቸውም ይላል፤ ሁሉም ቢያንስ ስድስት ወር የሠሩ። እኛ ሠላሳ አንድ ነን፤ ተመስገን!» አሉና ጣታቸውን በስም ዝርዝሩ ላይ አንሸራተቱ። «አንድ አሻራ ብቻ ይጎድላል። ደብረወርቅ እንግዳ። የትኛዋ ናት?»

ሴቶቹ ወደ ታንጉት ዞሩ።

«ልጇ ታደርግላታለች» አሉ እትዬ አልጣሽ። «ይቻት፣ ታንጉት።»

«ልጇ ለምን? እሷስ?»

«እሷማ ዐረፈች።»

መምህሩ ወረቀቱንና ሴቶቹን እያፈራረቁ አዩ። «የሞተ ሰው አባል ይሆናል እንዴ?»

«ሰው ሞተ ተብሎስ ከማኅበር ይወጣል እንዴ?» አሉ እትዬ አልጣሽ፣ ከመምህሩ ይልቅ እሳቸው ተገርመው።

ነገሩ የተገለጠው ያኔ ነው። ቀበሌው «ማኅበር አቋቁሙ» ሲላቸው ሴቶቹ ያቋቋሙት የሚያውቁትን ማኅበር ነው። በጽዋ ማኅበር አንዲት ሴት ብትሞት ስሟ አይሰረዝም። ልጇ ወይም እህቷ ቦታዋን ትይዛለች፤ ተራዋ ሲደርስም በስሟ ትደግሳለች። ሙስሊሟ ነሲባ እንኳ ደንቡን ወዳው፣ ከራሷ ሌላ የአማቷን ቦታ ይዛለች። እንግዲህ ከሠላሳ አንዱ ስም ስድስቱ በተስቦው የሞቱ፣ ሁለቱ ደግሞ ወደ ሰፈራ ተወስደው ወሬያቸው የጠፋ ሰዎች ናቸው። ከታንጉት በቀር ሁሉም ቤተ ዘመድ ጣቱን አሳርፎላቸዋል። ከጽጌሬዳ ስም ፊት ለፊት ያለው የእትዬ አልጣሽ አውራ ጣት ነው። አንዳቸውም ያጭበረበሩ አልመሰላቸውም።

መምህር ሻረው ነሲባ በለቀቀችላቸው ሣጥን ላይ ዘፍ አሉ። «ይኼ የጽዋ ማኅበር አይደለም፣ እትዬ አልጣሽ። እዚህ የሚቆጠረው የሚሠራ ሰው ነው። ሃያ ሦስት ናችሁ ማለት ነው።»

«ሃያ ሦስት ብንሆንስ?»

«ከሠላሳ በታች አይቀበሉም። አሁን አዲስ ሰው ብንጨምር ስድስት ወር አልሞላትም ይሉናል። የማመልከቻው ቀን ደግሞ ነገ ያልቃል።» ግንባራቸውን አሹ፤ ወረቀቱን አዩ፤ እንደገና ግንባራቸውን አሹ። «በቃ፣ አንዴ ተሞልቷል። እንግዳውም ቆመው አንድ በአንድ አይቆጥሯችሁም። ታንጉት፣ ጣትሽን አሳርፊና ነገ ሠላሳ አንድ በያቸው።»

መምህር ሻረው ክፉ ሰው አልነበሩም። አንድ ሳንቲም ለማያገኙበት ነገር ስንት ምሽት ደክመዋል። ታንጉትም ይህን ስለምታውቅ አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ጫነች፤ ወደ ወረቀቱም ወሰደችው። ግን እጇ እንቢ አላት። እናቷ ከሞተች ጀምሮ «ሞተች» የሚለውን ቃል በአፏ አውጥታው አታውቅም። ትምህርት ቤት የወላጅ ስም ሲሞላ ዘንድሮም «ደብረወርቅ» ብላ ነው የጻፈችው፤ ደስ ስለሚላት። አሁን ግን እዚህ ወረቀት ላይ ያው ውሸት አስጠላት፤ ለምን እንደሆነ ራሷም አላወቀችም።

«ነገ አደርገዋለሁ» ብላ ጣቷን በግድግዳው ጠረገች። ቀለሙ ግን አልለቅ አላት።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ አንድ ላንድሮቨር መጋዘኑ ደጃፍ ቆመ። የወረዱት ጓድ ያርጋል የሚባሉ፣ ስስ ካኪ የለበሱ፣ ብርዱ አፍንጫቸውን ያቀላው ሰው ናቸው። ማኅተማቸውን በቦርሳ ይዘዋል። ሴቶቹ ግድግዳውን ይዘው ተሰልፈዋል፤ መምህር ሻረው ቅጹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ከበሩ አጠገብ ቆመዋል። ታንጉትን ቢጠቅሷት ዓይኗን ሰበረች።

ንግግሯን እንደ ትናንቱ ከወረቀቱ ላይ ጀመረች። ከዚያ ወረቀቱን አጠፈችውና እንግዳውን ቀና ብላ አየቻቸው። ስለ ጠባቡ ዕቃ ነገረቻቸው፤ የተተረተረ ባና ዘርግታ ስፌቱን አሳየቻቸው። በሰፊው ዕቃ በወር ስንት ባና እንደሚወጣ ተናገረች።

«ገበያውስ?» አሉ ጓድ ያርጋል መዳፋቸውን እያፋተጉ።

«ገበያችን ብርዱ ነው» አለች ታንጉት።

እትዬ አልጣሽ ነገሩን ለመጨረስ ተነሥተው አንድ ባና በእንግዳው ትከሻ ላይ ጣል አደረጉባቸው። ጓድ ያርጋል ሣቁ፤ ባናውንም አላወለቁም። እንደደረቡት ወደ ጠረጴዛው ሄደው ቅጹን ገለጡ።

«ሠላሳ አንድ አባላት። ጥሩ ነው።» ከዚያ ቆም አሉ። «ይህ ግን ባዶ ነው። ደብረወርቅ እንግዳ የት ናት?»

መምህር ሻረው ሳሉ። ታንጉት የእናቷ ስም በማያውቁት ሰው አፍ ሲጠራ እንዲህ ያማል ብላ አላሰበችም ነበር።

«ሞታለች» አለች። «እናቴ ናት።»

ጓድ ያርጋል ቀና ብለው አዩዋት። «ነፍስ ይማር» አሉ ቀስ ብለው። ማስመሪያ አውጥተው በደብረወርቅ ስም ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሠመሩ። «እንግዲህ ሠላሳ ናችሁ። ይበቃል» አሉና የማኅተሙን ክዳን ከፈቱ።

መምህር ሻረው በረጅሙ ተነፈሱ። ታንጉትም አንድ አፍታ ነገሩ ያለቀ መሰላት። ማንም ምንም አይጠይቃትም። ዕቃው ይመጣል፣ ቤቱ ይሠራል፣ እሷም አሥረኛ ክፍል ትገባለች። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ግን ዓይኗ ከመስመሩ አልነሣ አለ። ከመስመሩ ሥር ጽጌሬዳ አለች፤ ዝቅ ብሎ የነሲባ አማት አሉ። ሁሉም በወረቀቱ ላይ ይሠራሉ፣ ይፈትላሉ፤ የሞተችው የእሷ እናት ብቻ ናት። ይህ አንገበገባት። እንባዋ ሳይሆን ንዴቷ መጣ።

«ጓድ ያርጋል፣ ማኅተሙን አይምቱት» አለች። «እናቴ ብቻ አይደለችም።»

«ታንጉት!» አሉ መምህር ሻረው።

«ለማታለል አይደለም» አለች እየተቻኮለች። «በእኛ ዘንድ ከማኅበር የሞተ አይሰረዝም። ዘመዷ ቦታዋን ትይዛለች። ማኅበር ሲባል እንዲህ መስሏቸው ነው። እኔም ትናንት ነው ልዩነቱን የሰማሁት።»

ጓድ ያርጋል ማኅተሙን እንደያዙ ቀሩ። «ስንት ናቸው?»

«የሌሉት ከእናቴ ጋር ስምንት ናቸው።»

«እነማን?»

ታንጉት ስሞቹን በቃሏ ታውቃቸዋለች። ወደ ሴቶቹ ዞር ስትል አንዷም ዓይኗን አላሳየቻትም። «የራሴን ተናግሬያለሁ» አለች። «የሌላውን እኔ አልናገርም። የየቤቱ ነው።»

እትዬ አልጣሽ ይቆጧታል ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ጠረጴዛው መጡና ማንበብ እንደጀመረ ሰው ጣታቸውን እያስኬዱ ዝርዝሩን ወረዱ። ጣታቸው አንድ ቦታ ቆመ።

«ይቺ ጽጌሬዳ ናት። ልጄ። ጣቱ የኔ ነው፤ የሷ አይደለም» አሉ። ድምፃቸው ከመሃል ተሰበረ። «እሷን አፈር አልብሻት መጥቻለሁ። ያሥምሩበት።»

ጓድ ያርጋል አሠመሩበት። ነሲባ ካፖርቷን እየሰበሰበች ቀጠለች፤ «የኔም አማት አሉበት፤ ጌታዬ ይማራቸው» አለች፤ ቀልድ የሚባል ከፊቷ ጠፍቷል። ከዚያ ሌላዋ መጣች፤ ከዚያም ሌላዋ። ወደ ሰፈራ የሄደች እህት ያላት ሴት ግን «ሞታለች አልልም» ብላ ድርቅ አለች። ጓድ ያርጋልም «የለችም ብዬ እጽፋለሁ እንጂ ሞተች አልልም» ብለው ቃል ከገቡላት በኋላ ፈቀደች። ሰውየው ማንንም አላጣደፉም። ሲጨርሱ ማስመሪያቸውን አስቀመጡና የማኅተሙን ክዳን መልሰው ገጠሙት።

«መመሪያው ሠላሳ ይላል» አሉ። «ከዚያ በታች ለማሳለፍ ሥልጣን የለኝም። ያየሁትን ጽፌ ለጎንደር አቀርባለሁ፤ ተስፋ ግን አልሰጣችሁም።» ከዚያ እስክሪብቷቸውን አነሡ። «ስንት ሰው ብዬ ልጻፍ?»

መምህር ሻረው መሬት መሬቱን ያያሉ። ሴቶቹ ወደ እትዬ አልጣሽ ዞሩ፤ እትዬ አልጣሽ ደግሞ ወደ ታንጉት።

«አፋችን አንቺ ነሽ» አሏት። «ንገሪያቸው።»

ታንጉት የአጎቷን የእህል ጆንያዎች አሰበች፤ ጥግ ላይ የሚቀረውን ደብተሯንም አሰበች። ከዚያ ዓይኗን ወደ ጓድ ያርጋል መለሰች።

«ሃያ ሦስት ብለው ይጻፉ» አለች።