ቢላዋው የት ዋለ?

ምርምሬ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እውነተኛ ስሟ ሌላ ነው፤ ግን ሬዲዮ ውስጥ ማን ተቀምጦ እንደሚያወራ ለማየት ጀርባውን ከፈታች ወዲህ አባቷ ምርምሬ ይላታል፣ ሰፈሩም ተከተለው። የምትኖረው ከእናትና ከአባቷ ጋር፣ ከልብስ ሰፊው ሱቅ በላይ ባለች ቤት ነው። ቤቷ ከወጥ ቤቱ በቀር ሁሉ ነገሯ ጠባብ ነው። ወጥ ቤቱ ግን ሰፊ ነው፤ እናቷ ኬክ ጋጋሪ ናት።

የእናቷ ኬክ እንደ ሌላው ኬክ አይደለም። ልጆች፣ እናንተ እንቁላል ብትበሉ ምን ትሆናላችሁ? ትጠግባላችሁ፣ በቃ። አንዳንድ ሰው ግን እንቁላል ሲበላ ሰውነቱ ሽፍ ይልበታል። አንዳንዱ ወተት አይስማማውም። አንዳንዱ ደግሞ ሙሉ ፍሬው ቀርቶ የለውዝ ሽራፊ ወደ አፉ ከገባ ከንፈሩ ያብጣል፣ ጉሮሮው ይዘጋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሐኪሞች አለርጂ ይሉታል። ጥፋቱ የሰውየውም አይደለም፣ የለውዙም አይደለም፤ ሁለቱ አይስማሙም፣ አለቀ። የምርምሬ እናት የምትጋግረው ለእነዚህ ሰዎች ነው።

ምርምሬ ወጥ ቤት ከገባች ጥያቄ አያልቅባትም።

«እማዬ፣ እንቁላል ከሌለው ኬኩ በምን ይያያዛል?»

«በተልባ።»

«ተልባ እንዴት አድርጎ ያያይዛል?»

እናቷ የተፈጨ ተልባ በውሃ በጥብጣ ኩባያውን አቀበለቻት። «ቁጭ ብለሽ ጠብቂው» አለቻት። ምርምሬ አገጯን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ጠበቀች። ውሃው ቀስ በቀስ ወፈረ። በማንኪያ ስታነሣው እንደ እንቁላል ነጭ ተዝለገለገ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምርምሬ ያገኘችውን ሁሉ ውሃ ውስጥ ስትዘፈዝፍ ሰነበተች። ምስርም አልቀረ፣ የአባቷ የሸሚዝ ቁልፍም አልቀረ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እናትና ልጅ ኬካቸውን ይዘው ገበያ ይወጣሉ። ገበሬዎች ያመረቱትን ራሳቸው አምጥተው የሚሸጡበት ገበያ ነው። ካሮቱ አፈሩ ሳይራገፍ ይመጣል። ማሩ ከነሰፈፉ ይመጣል። ለውዝ የሚያመርቱ አንድ ሽማግሌም አሉ፤ ሰው ሁሉ ባለ ለውዙ ይላቸዋል፣ ምርምሬ ግን አባባ ትላቸዋለች። ለውዛቸውን ቆልተው እዚያው በእጅ ወፍጮ ይፈጩታል። የሚወጣው የለውዝ ቅቤ ሽታው ብቻውን መንገደኛ ይጠራል። ድሮ ጠረጴዛቸው ከእናቷ ጠረጴዛ አጠገብ ነበር። ኬኩ ለማን እንደሚጋገር የሰሙ ቀን ግን ማንም ሳይጠይቃቸው ወፍጮአቸውን ተሸክመው ወዲያኛው ጫፍ፣ መውጫው በር ጋ ሄዱ። «እኔ እንደሆነ ድምፄ ትልቅ ነው፤ ደንበኛ አይጠፋኝም» አሉ።

የምርምሬ እናት አንድ ልማድ አላት። ከጠረጴዛዋ ራቅ ብላ በተመለሰች ቁጥር፣ ቢላዋውን ከመንካቷ በፊት «ቢላዋው የት ዋለ?» ብላ ትጠይቃለች። ምርምሬም «እዚሁ» ትላለች። በየቅዳሜው እንዲህ ነው። ምርምሬን ይህ ጥያቄ ያስቃት ነበር። ቢላዋ እግር የለው፣ ወዴት ይሄዳል?

ከደንበኞቹ መካከል፣ ደንበኛ ከተባለ፣ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ትንሽ ልጁን እጁን ይዞ ይመጣል፣ ይጠይቃል፣ ሳይገዛ ይሄዳል። ዱቄቱ ከየት ነው? ትሪው ሌላ ነገር ተጋግሮበት ያውቃል? የምርምሬ እናት ሳትሰለች ትመልስለታለች። ልጁ ለውዝ አይስማማውም። ገና ሕፃን ሳለ ሳያውቁ አቅምሰውት ሊሞትባቸው ነበር። ስለዚህ ከቤቱ ውጭ የተሠራ ኬክ በልቶ አያውቅም። አባቱ ሲጠይቅ እሱ ኬኮቹን በዓይኑ ይበላቸዋል።

«በሚመጣው ቅዳሜ አምስት ዓመት ይሞላዋል» አለ ሹፌሩ አንድ ቀን። «ያን ቀን እገዛለሁ።»

ያ ቅዳሜ ደረሰ። ጠዋት እናቷ ለባለ ለውዙ ትኩስ ዳቦ እንድታደርስ ምርምሬን ላከቻት።

«ነይማ፣ የኔ መርማሪ» አሉ ባለ ለውዙ። በቁራጭ ወረቀት ላይ ትንሽ የለውዝ ቅቤ አደረጉላት። «እዚሁ ብይው። ከዚያ እዚያች ቧንቧ ላይ እጅሽን በሳሙና ታጥበሽ ትሄጃለሽ። እናትሽ ጋ ይዘሽው እንዳትሄጂ፣ አደራ።»

«እሺ አባባ።»

ባለ ለውዙ ወደ ደንበኛቸው ዞሩ። ምርምሬ ጣቷን ላሰች፤ ወዲያው ጥያቄ መጣባት። የእማዬ የሙዝ ኬክ ላይ ይሄ ቢቀባ ምን ምን ይላል?

ልጆች፣ መጠየቅ ኃጢአት አይደለም። አእምሮ የሰጠን እግዚአብሔር ነው፤ የሰጠንም አስቀምጠን እንድናየው አይደለም። ግን ለመልሱ ስንል አደራ መብላት የለብንም። ምርምሬ ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው። እጇንም አልታጠበችም።

እናቷ ጀሪካኑን ይዛ ውሃ ልትቀዳ ሄደች። ምርምሬ ግራ ቀኝ አየች። ከተሰባበረው ኬክ አንዲት ጉርሻ አነሣች፤ ወረቀቱን ከፈተች። ማንኪያ የለም። ቢላዋው ግን ፊት ለፊቷ ነው። በቢላዋው ቀባችና ጎረሰችው። ለእውነቱ ከሆነ፣ ጣፋጭ ነበር።

ከዚያ ቢላዋውን በሽርጧ ጠረገችው። ደግማ ጠረገችው። ወደ ፀሐይ ከፍ ስታደርገው አብረቀረቀ፤ የራሷን ዓይን አየችበት። «ምንም የለበትም» አለችና ቦታው መለሰችው።

እናቷ ስትመለስ ሹፌሩና ልጁም አብረው ደረሱ። ልጁ ፀጉሩ በውሃ ተበጥሮ፣ የሸሚዙ ቁልፍ እስከ አንገቱ ተቆልፎ ነበር።

«ቢላዋው የት ዋለ?» አለች እናቷ።

ምርምሬ ቢላዋውን አየችው። ቢላዋው እኮ ከጠረጴዛው አልወረደም። ታዲያ «እዚሁ» ማለት ውሸት ነው? ልጆች፣ እናንተው ፍረዱ።

«እዚሁ» አለች።

እናቷ ወደ ሹፌሩ ዞረች። «ንጹሕ ነው። ልጄ ስትጠብቀው ነበር» አለችው። ሹፌሩ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ከሙዝ ኬኩ ትልቁን ቆርጣ ካርቶን ውስጥ አደረገችለት። ካርቶኑን ለልጁ ያቀበለችው ምርምሬ ናት።

«በሩ ጋ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ነው የምበላው» አላት ልጁ። «አውቶቡሶቹን እያየሁ።»

ሄዱ። ምርምሬ ፍርፋሪውን ልታራግፍ ቢላዋውን አነሣች። አንድ ነገር ሽው አለባት። ቢላዋውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ለውዝ ለውዝ ይሸታል። ሽርጧን አሸተተች። እሱም ለውዝ ነው። ዓይኗ ምንም አላየም፤ አፍንጫዋ ግን ወዲያው አገኘው። ለካ ነገር ሳይታይም ይኖራል። ሌላ ቀን ቢሆን ይህን በማወቋ እንዴት ደስ ባላት። ዛሬ ግን ቢላዋውን ከራሷ አርቃ አስቀመጠችው።

«ብናገር እማዬ ታዝንብኛለች» ብላ አሰበች። «ሹፌሩም ሁለተኛ አይመጣም። ደግሞ ትንሽ እኮ ናት፤ ምናልባት ምንም አይሆንም።» ይህን እያሰበች እስከ አንገቱ የተቆለፈው ሸሚዝ ትዝ አላት። ከሸሚዙ በላይ ያለው ቀጭን አንገትም ትዝ አላት።

«እማዬ» አለች። «ቢላዋው ለውዝ ነክቷል። ዋሽቼሻለሁ።»

የእናቷ ፊት አመድ መሰለ። ግን አልጮኸችም።

«የት ሄዱ?»

«አግዳሚ ወንበሩ ጋ።»

«አንቺ ፈጣን ነሽ፣ ሩጪ። ከኋላሽ ነኝ።»

ምርምሬ ሮጠች። የካሮቱን ክምር ዘለለችው። የሽንኩርት ቅርጫት ገለበጠች፤ ዞራም አላየችው። ባለ ለውዙ «ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?» አሏት፤ አልመለሰችላቸውም። ትንፋሿን የምትፈልገው ለሌላ ነገር ነበር። «ጌታ ሆይ፣ አቆይልኝ» እያለች ነበር የምትሮጠው።

ልጁ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ኬኩን በሁለት እጁ ይዞ አፉ ጋ አድርሶታል። ግን አልጎረሰም። ዓይኑን ጨፍኖ እያመሰገነ ነበር። የመጀመሪያ የገበያ ኬኩ ስለሆነ የሚያመሰግንበት ነገር በዝቶበት፣ ጸሎቱ አላልቅ ብሎታል።

«ስለ ሙዙ አመሰግናለሁ። ስለ ዱቄቱም። ስለ አባዬ አውቶቡስም። ስለ አዲሱ ጎማም። ኬኩን ስለሰጠችኝ ልጅም…»

«አትብላው» አለች ምርምሬ። «ቢላዋው ለውዝ ነክቷል። ያስነካሁት እኔ ነኝ። ስጠየቅም ዋሸሁ።»

ሹፌሩ ኬኩን ከልጁ እጅ ነጠቀው። ከቦርሳው የውሃ ጠርሙስና ሳሙና አወጣ፤ የልጁን ጣቶች አንድ በአንድ አጠበ። «ቀምሰሃል?» «አልቀመስኩም።» «ጣትህንስ ልሰሃል?» «አልላስኩም።» ያን የሚያክል አውቶቡስ የሚያዙት እጆቹ ሳሙናውን ሁለቴ ጣሉት። ምርምሬ እጆቹን አየችና አለቀሰች።

ልጁ ቀና ብሎ አያት። «ለውዝ ምን ምን ይላል?» ብሎ ጠየቃት። እሱም ለካ መርማሪ ነው።

ምርምሬ አሰበች። በአንድ ቀን ሁለቴ መዋሸት አልፈለገችም። «ይጣፍጣል» አለችው። «ግን ላንቃ ላይ ተጣብቆ አልለቅም ይላል።»

«እንግዲያው ይቅርብኝ» አለ ልጁ። ከዚያ ባዶውን ካርቶን አየና ክዳኑን ዘጋው።

እናቷ እያለከለከች ደረሰች፤ ይቅርታ ጠየቀችው። ሹፌሩ ልጁን አቀፈ። «ስለ ዱቄቱ ጠየቅሁ፣ ስለ ትሪው ጠየቅሁ» አለ። «ስለ ልጅሽ መጠየቅ ግን አልመጣልኝም።» ልጁን እንዳቀፈ ሄደ። እናቷ አንገቷን ደፋች። ምርምሬ እናቷን እንዲያ ሆና አይታት አታውቅም ነበር።

የዚያን ቀን ሽያጭ ቀረ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ኬክ ሁሉ ለባለ ለውዙ ተሰጠ፤ እሳቸውም «ጥፋቱ የኔም ነው፤ በወረቀት ባልሰጣት ኖሮ» ብለው አዘኑ። እናትና ልጅ ቧንቧው ጋ ሄደው ጨርቁን፣ ትሪውን፣ ሽርጡን፣ ቢላዋውን በሳሙና አጠቡ።

«እማዬ፣ ለምን አልተቆጣሽኝም?»

«ቢላዋውን ይኸው በሳሙና አጠብነው» አለች እናቷ። «ቃልሽን በምን ልጠበው?»

ምርምሬ እጇ በአረፋ እንደተሸፈነ ዓይኗን ጨፈነች። «ጌታ ሆይ፣ ይቅር በለኝ፤ ስለ ቢላዋውም፣ ይልቁንም ስለ ቃሌ» አለች። እናቷ ግንባሯን ሳመቻት።

በዚያ ሳምንት ምርምሬ ሌላ ሰው ሆነች። «ስኳሩን ማን ነካው?» ስትባል «እኔ» ትላለች። «ሁለቴ ቅሜያለሁ። ሁለተኛው ትልቅ ነበር።» አባቷ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ይዞራል።

ቅዳሜ ሲደርስ ምርምሬ ዓይኗን ከመንገዱ አልነቀለችም። ረፋዱ አለፈ። ሹፌሩ የለም። ልትተወው ስትል፣ እስከ አንገቱ የተቆለፈ ሸሚዝ ከካሮቱ ክምር ጀርባ ብቅ አለ። ልጁ እናቷን አልፎ በቀጥታ ምርምሬ ፊት ቆመ።

«ቢላዋው የት ዋለ?» አላት።

ምርምሬ እጇን በሽርጧ ኪስ ልትከት ነበር፤ ተወችው። «ጠዋት በሳሙና ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ መጣ» አለች። «ከዚያ እኔ ሣጥኑን ሳነሣ መሬት ጣልኩት። እማዬ እንደገና አጠበችው። ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ እኔ ቆሜ ጠበቅሁት። አንድ ሰውዬ አውሱኝ አሉኝ፣ አልሰጠሁም፤ ተቀየሙኝ መሰለኝ። እኔም ዛሬ ለውዝ አልበላሁም። በቃ፣ ይኸው ነው።»

ሹፌሩ ሲሰማ ቆይቶ ወደ እናቷ ዞረ። «ለዚህ ልጅ ስል ብዙ ቦታ ጠይቄያለሁ፤ ሁሉም ይመልሱልኛል» አለ። «ሮጦ መጥቶ የነገረኝ ግን ከእሷ በቀር የለም። እሷ ትቁረጥልን።»

እናቷ ቢላዋውን በእጀታው በኩል አዙራ ለምርምሬ ሰጠቻት።

«አምስት ዓመት የሞላኝ ዛሬ ነው» አለ ልጁ። «ባለፈው ኬክ ስላልነበረ አልሞላኝም።» ቁራሹን ተቀበለና ዓይኑን ጨፈነ። ጸሎቱ በዚህ ጊዜ አጭር ነበር፤ ኬኩ አስቸኩሎታልና።

«ስለ ኬኩ አመሰግናለሁ። ሮጣ ስለነገረችኝ ልጅም አመሰግናለሁ። አሜን።»

ጎረሰ። አባቱ ትንፋሹን ይዞ ያየው ነበር። ልጁ አላመጠ፣ ዋጠ፣ ሳቀ፤ ከዚያ ሌላ ጎረሰ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ጥፋታችሁን ማንም ባያየው እንኳ አትሸፍኑት፤ ሰው ሳይጎዳ በፊት ሮጣችሁ እውነቱን ተናገሩ።