ማናዬ «አልጠብቅም» አለች

ማናዬ ለቡ መብራት ኃይል የቀለምና የቧንቧ ዕቃ ሱቅ አላት፤ አንዴ ከተናገረች የማትመለስ ሴት ናት። ባሏ ቦጋለ የልስን ባለሙያ ነው። የደም ግፊት እንዳለበት ከታወቀ ቆይቷል፤ «ደህና ነኝ» ባለ ቁጥር ግን መድኃኒቱን ይተወዋል። እሷ ትቆጣለች፣ እሱ ይስቃል። በስንቱ ቤት ያለ ነገር ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ላይ ሳሉ ቦጋለ የጠቀለለው ጉርሻ ከእጁ ወደቀ። ሊያነሣው ቢል ቀኝ እጁ አልታዘዘውም። አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ። «ማና…» ብሎ ጀመረና ቀሪው ምላሱ ላይ ተኮላተፈ።

ታላቅ እህቱ እትዬ አምሳለ ልትጠይቃቸው ከፉሪ መጥታ ነበር። ደንግጣ አማተበችና ሮጣ በሩን ዘጋች።

«መጋኛ ነው የመታው! ብርድ እንዳያገኘው። ውኃ አጠጪውና ይተኛ።»

«ውኃ አይቀምስም፣ ትን ይለዋል። ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«አንቺ ልጅ፣ እስኪ ይረፍ! ሲተኛ ይለቀዋል። ካልሆነም ነገ ጠበል እንወስደዋለን። መርፌ ከወጉት አለቀለት።»

«ይረፍ» የሚለውን ቃል ማናዬ ታውቀዋለች። አባቷም እንዲሁ አፉ ተጣሞ «ይረፍ» ተብሎ ተኝቶ ነበር። ያረፈው ሰውዬ ከዚያ ወዲያ በእግሩ አልቆመም፤ ለዓመታት በሰው እጅ ሲገላበጥ ኖሮ ሞተ።

«እትዬ አምሳለ፣ ጠበሉ ነገም አለ፤ ይሄ ግን እስከ ነገ አይጠብቅም። እኔም አልጠብቅም። ዞር ይበሉልኝ!»

«ወንድሜ አንድ ነገር ቢሆን እኔና አንቺ አንተያይም!»

«አንተያይ!»

ጎረቤታቸው ሸምሱ እደጃቸው ካለው ፌርማታ ሚኒባሱን ተራ አስይዞ ነበር። ጩኸቱን ሲሰማ ተራውን ጥሎ መጣና ቦጋለን ተሸክመው አስገቡት። እትዬ አምሳለም እየተራገመች ተከትላ ገባች።

በቅርብ ያገኙት ክሊኒክ ያለው ባለሙያ አየውና ራሱን ነቀነቀ። «ስትሮክ ነው። የሚደረግለት ነገር የለም፤ ወደ ቤት ውሰጂው።»

«የለም ማለት እዚህ የለም ነው ወይስ የትም የለም?» አለች ማናዬ ፊቱ ላይ ቆማ።

ሰውዬው አፈረ። የረጋ ደም በቀጭን ቱቦ የሚያወጡ ሐኪሞች ያሉበትን ሆስፒታል ነገራት፤ ለሐኪሞቹም ደወለላት።

እዚያ ሲደርሱ የአንጎሉ ምስል ተነሣ። ዶክተር ናዝሬት ፈጥና መጣች።

«ወደ አንጎሉ የሚሄደው ትልቁ የደም ሥር በረጋ ደም ተደፍኗል። ከብሽሽቱ ቀጭን ቱቦ አስገብተን እስከዚያ እንደርሳለን፤ የረጋውን ደም ጓል በሽቦ መረብ ይዘን እንስበዋለን። ላይሳካ ይችላል፣ ሊደማም ይችላል። ግን በጊዜ ነው ያመጣሽው።»

«በብሽሽት ገብቶ አንጎል?» ጮኸች እትዬ አምሳለ። «ሰው ላይ ልትማሩ ነው! እንዳትፈርሚ!»

ማናዬ ፈረመች።

ሥራው ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ መረቡ ከጓሉ ጥቂት ብቻ ቆርሶ ወጣ፤ ቀሪው እዚያው ቀረ። ዶክተር ናዝሬት በኋላ ወጥታ ስትነግራቸው ግንባሯን ላብ አጥምቆት ነበር።

«ድሮ በመረቡ ብቻ ነበር የምንታገለው። አሁን ሰፋ ያለ መምጠጫ ቱቦ ጓሉ ድረስ እናስጠጋለን፤ መረቡ ሲስብ ቱቦው እየመጠጠ ስብርባሪው እንዳያመልጥ ያደርጋል። ወጥቶልናል።» ወደ እትዬ አምሳለ ዞረች። «እናቴ፣ በወንድምዎ ላይ አልተማርንም። በፕላስቲክ የደም ሥር ላይ እጃችን እስኪፈታ ተለማምደናል። እምቢ ሲለንም ሌላ መንገድ እንፈልጋለን እንጂ አንተወውም።»

 እትዬ አምሳለ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጣ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

ቦጋለ ዳነ። ቀኝ እግሩን ትንሽ ይስበዋል፣ ቃላትም ይዘገዩበታል። መድኃኒቱን ግን ዛሬ ማንም ሳያስታውሰው ይውጣል።

ማናዬ ግን በዚህ አላበቃችም። በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነሣች።

«እድራችን ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ለአስከሬን መኪና ያቀርባል። በሕይወት ያለ ሰው ሲወድቅ ግን መኪና የሚያቀርብ ማን ነው?»

«ወይዘሮ ማናዬ፣ እድር ለሐዘን ነው» አሉ ዳኛው አቶ ጉተማ። «ሕክምና የእኛ ሥራ አይደለም።»

ወንድሟን ደግፋ የመጣችው እትዬ አምሳለ ከኋላ ብድግ አለች።

«ለሐዘን ከሆነ ሐዘኑን አስቀሩት! በሩን የዘጋሁበት እኔ ነኝ። ይቺ ልጅ ባትደፍረኝ ኖሮ ዛሬ እዚህ የምታለቅሱት ለወንድሜ ነበር።»

 ከዚያ ሸምሱ «የእኔ መኪና አለች» አለ፤ ሌሎች ሾፌሮችም ተከተሉት። አቶ ጉተማም እድሩ በድንገት ለታመመ ሰው መኪና እንዲያቀርብ በመጨረሻ ተስማሙ።

ወገኖቼ፣ በድንገት ፊት ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል፣ አንደበት ሲተሳሰር አታስተኙ፤ ተነሡ። በቱቦ የማይወጣ የረጋ ደም አለ፤ የማይድን ሰውም አለ። ሐኪም ምንም ያህል ቢሠለጥን ግን እጁ ያልገባን ሰው ሊያድን አይችልም። ዘመድ ይቆጣ፣ ታላቅ ይቀየም። ይቅርታ ኋላ ይጠየቃል፤ የሞተ አንጎል ግን አይመለስም።