ዴቃ ስትስቅ

ቤርሳቤህ ቅናት የሚባል ነገር እንደማታውቅ ለሰው ሁሉ ትናገር ነበር። አልዋሸችም፤ እስከዚያች ሐሙስ ድረስ የምትቀናበት ሰው አልነበራትም።

ሐሙስና ዓርብ ሀርጌሳ ውስጥ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። 31 ሜይ ሰፈር ያለው፣ ቤርሳቤህ የምታስተምርበት ግቢ ግን የሚደምቀው ያኔ ነው። ወላጆች ልጆቻቸውን በባጃጅ ጭነው እያመጡ ለሒሳብ ማጠናከሪያ ይተዋሉ። እዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ አይነካም። አስተማሪው ቁጥሮችን እያከታተለ በፍጥነት ያነባል፤ ልጆቹ የማይታይ የመቁጠሪያ ዶቃ የሚያንሸራትቱ ይመስል ጣታቸውን አየር ላይ ያርገበግባሉ፤ ንባቡ ሲያልቅ ድምሩን በአንድ ድምፅ ይጮሃሉ። አንባቢው መሃል ላይ ቆሞ ከዘገየ ግን አለቀ፤ ልጆቹ በሐሳባቸው የያዙት ሁሉ ይበተናል።

አክሊልን ያገኘችው እዚያው በር ላይ ነው። ከደብረ ብርሃን መጥቶ የማስተማር ሥራ ሊጀምር ከባጃጅ ወርዶ ግራ ገብቶት ቆሟል። እሷ እንደ አገሩ ሴቶች ፀጉሯን ሸፍና፣ ረጅም ቀሚስ ለብሳ ስትመጣ ሶማሌ መሰለችው። በጣቱ አየር ላይ መደመር እየሠራ፣ የልጆች ቁመት በእጁ እየለካ፣ ትምህርት ቤቱን እንድታሳየው ላቡ ጠብ እስኪል ታገለ። ጠግባ ካየችው በኋላ፣

«ወንድሜ፣ የሒሳቡን ትምህርት ቤት ነው የምትፈልገው?» አለችው ጥርት ባለ አማርኛ።

መሬት ብትከፈት ይገባባት ነበር። እሷ በሳቅ ፈረሰች። ከዚያ ወዲያ በየዓርቡ ከትምህርት በኋላ በሩ አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት ወተት የበዛበት ሻይ አብረው ይጠጣሉ። ዓይኖቻቸው ብዙ አውርተዋል። አፋቸው ግን ዳር ዳር ከማለት አላለፈም፤ እሷ እሱ ይጀምር ትላለች፣ እሱ ደግሞ ለመጀመር የሚፈጥን ሰው አይደለም።

ነገሩ የተበላሸው ማኔጀሩ ባሬ አስተማሪዎቹን ሰብስቦ፣ «ወላጆች ቁጥሩ በእንግሊዝኛ ሳይሆን በሶማልኛ ይነበብ ብለዋል» ያለ ዕለት ነው። በወላጆች ቀን ቆሞ በሶማልኛ ማንበብ ያልቻለ አስተማሪ ኮንትራቱ አይታደስም። ለቤርሳቤህ ይህ ምንም አልነበረም፤ ጅግጅጋ ተወልዳ ያደገች ናት። አክሊል ግን ሥራው ከሄደ መኖሪያ ፈቃዱም ይሄዳል፤ ደብረ ብርሃን ይመለሳል።

የዚያኑ ቀን ክፍል ውስጥ ስድስትን በሶማልኛ ሊል ሞከረ። «ሊሕ» ከጉሮሮ መውጣት አለበት። ከእሱ ጉሮሮ የወጣው ሳል ነበር። ልጆቹ አውካኩ። በሩ ላይ የቆመችው ቤርሳቤህም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ስቃም ረሳችው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ልጆቹ ከወጡ በኋላ ቻርጀሯን ረስታ ተመለሰች። ከመጨረሻው ክፍል ሳቅ ሰማች። በመስኮቱ ብታይ አክሊልና ዴቃ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ዴቃ የጂኦሜትሪ አስተማሪ ናት፤ መልኳ ፀሐይ፣ እጇ በሂና ያጌጠ። አክሊል የዴቃን ከንፈር ትክ ብሎ እያየ የሆነ ነገር ይላል፤ ዴቃ አፏን በሂና እጇ ሸፍና ትስቃለች፤ እሱም ይስቃል።

የማታውቀው ቅናት ቤርሳቤህን ቆነጠጣት።

ዴቃ ሶማልኛ እያስጠናችው እንደሆነ አልጠፋትም። ያ ነው ደግሞ ያንገበገባት። ለሶማልኛ ከሆነ እሷ የት ሄዳ? ከንፈር እያዩ መማር ካስፈለገ እሷ ከንፈር የላትም? ቻርጀሯን ሳትወስድ ወጣች። በማግስቱ ዴቃ «ሰላም» ስትላት በአፍንጫዋ መለሰች። ሻዩንም «ራሴን አሞኛል» ብላ ተወችው። በሳምንቱ ሐሙስ በመስኮቱ ደግማ አየቻቸው፤ ዓርብ ራሷን እንደገና አመማት። ካልበላሁት ጭሬ ልበትነው አለች ዶሮ፤ ቤርሳቤህም ቢሮ ገብታ ባሬን፣ «መሐመድ ሞጌ ሰፈር ወዳለው ቅርንጫፍ አዛውረኝ» አለችው።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ አክሊል ዘንድ ደረሰ። በር ላይ ጠበቃት።

«ልትሄጂ ነው አሉ?»

«ምነው፣ አስጠኚ አጣህ?»

«ቤርሲ፣ ምን አደረግሁ?»

«ምንም። ሶማልኛህ ጥሩ ይዞልሃል። ዴቃ እስክታለቅስ ነው የምትስቀው።»

ሊመልስ አፉን ከፈተ። እሷ ግን ባጃጅ አስቁማ ገባች። ባጃጁ ሲዞር ወደ ኋላ አየች፤ አሁንም አፉ እንደተከፈተ ቆሟል። አሳዘናት፤ ቢሆንም አልወረደችም።

የወላጆች ቀን ዓርብ ጠዋት፣ ከጁምዓ ሰላት በፊት ነበር። አዳራሹ ጢም አለ። ቤርሳቤህ መልስ ልታረጋግጥ ከልጆቹ ኋላ ተቀምጣለች። ዴቃ በወዲያኛው ጥግ ናት። አክሊል ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ወጣ። ወረቀት አልያዘም፤ የሚያነበውን በቃሉ አጥንቶታል። ባሬ ሰዓቱን ከኪሱ አወጣ።

አክሊል ጀመረ። አንዱን ቁጥር ካንዱ እያከታተለ፣ «ሊሕ»ንም ከጉሮሮው እያወጣ፣ ነጎደ። የልጆቹ ጣት አየር ላይ ይርገበገባል። ቤርሳቤህ ሳታስበው ከንፈሯ አብሮት ይንቀሳቀስ ጀመር። እንዲሳካለት ፈለገች፤ ከዚያ ማን እንዳስጠናው ትዝ ሲላት ከንፈሯን ነከሰች።

«ሻን ኢዮ…» አለ አክሊል፤ አምስት እና። ቆመ።

ዘጠና አምስት ሊል ነው፤ «ዘጠና» የሚለው ቃል ጠፋው። የልጆቹ ጣት አየር ላይ ቀጥ አለ። ሸሚዙ ብብቱ ሥር ሲረጥብ ታየ። ዓይኑ አዳራሹን ዞረና ቤርሳቤህ ላይ አረፈ።

ዝም ብትል ያልቃል፤ እሱ ደብረ ብርሃን ይመለሳል። ሁለቱን አብረው ዳግመኛ አታያቸውም፤ ዴቃም እሱን አታገኘው። ይህ ሐሳብ መጣባት፤ ውሸት አይደለም፣ መጣባት። በዚያው ቅጽበት ግን በዓይኗ ጠርዝ ዴቃ ወደ ፊት ስታዘነብልና አፏን ልትከፍት ስትል አየች።

ይህንንስ እሷ አትነግረውም!

«ሰጋሻን!» አለች ቤርሳቤህ። ልታንሾካሹክ ነበር ያሰበችው። ጮኸች።

አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አያት። «…ሰጋሻን!» አለ አክሊል፤ ቀጠለ፤ ጨረሰ። ልጆቹ ድምሩን በአንድ ድምፅ ጮሁ። ልክ ነበር። አባቶች አጨበጨቡ፤ እናቶች እልል አሉ።

ባሬ ግን ጢሙን እያሻሸ መጣ። «ሦስት ወር ብቻ ነው የምጨምርልህ። እስከዚያ ሳይነግሩህ ታነባለህ» አለው። ወደ ቤርሳቤህ ዞረ። «አንቺስ ቲቸር፣ መሐመድ ሞጌ እሄዳለሁ አላልሽም?»

«ይርቃል» አለች።

«በዚህ ሳምንት ነው የራቀው?»

ልጆቹን ወደ በሩ ልትሸኝ ዞረች።

ሻይ ቤቷ በረንዳ ላይ ለእሷና ለአክሊል ብርጭቆዎቹ ቀረቡ። ቤርሳቤህ አላስቻላትም።

«ለምን ወደ እኔ አልመጣህም?»

«ስቀሽብኝ ነበር።»

«መቼ?»

«ሊሕ ያልኩ ቀን።»

አሁን ትዝ አላት። አፈረች፤ ግን እጅ አልሰጠችም። «ዴቃስ አትስቅም? በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

«ዴቃ ብትስቅ ምን አገባኝ?» አለ አክሊል። «ስቃ ስትጨርስ ቤቴ ሄጄ በልቼ እተኛለሁ። አንቺ የሳቅሽብኝ ዕለት እህል አልቀመስኩም። አንቺ ፊት ቁጥር የማያውቅ ሰው ሆኜ መቆም አልቻልኩም፤ አውቄ ልመጣ ነበር ያሰብኩት።»

ቤርሳቤህ ብርጭቆዋን አየች። ከአክሊል ጀርባ ዴቃ ከግቢው ወጥታ በሂና እጇ «ቻው» አለቻቸው። ያ ነገር እንደገና ቆነጠጣት።

«ከሐሙስ ጀምሮ የማስጠናህ እኔ ነኝ» አለች።

«ትስቂያለሽ።»

«እስቃለሁ። ከእኔ ሌላ ግን ማንም አይስቅብህም።»

አያት። እጇን መያዝ በዚያ መንገድ ላይ አይሆንም፤ ብርጭቆውን ገፋ አድርጎ ከብርጭቆዋ አገናኘው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ሊሕ» አለ። ሆን ብሎ ሳል አደረገው።

ቤርሳቤህ ከንፈሯን ነክሳ፣ ዓይኗን ጨፍና ቻለች።

«ሳቂ እንጂ» አላት።

ሳቀች።