የዘሊርን አፍ የዘጋው ድንጋይ

በጎልማር መንግሥት፣ በአምባ ሳሬድ ከተማ እምብርት፣ የሺህ ዓመቱ ዋርካ በአንድ ማለዳ ቅጠሉን ሁሉ አራገፈ። ነፋስ አልነበረም። በዚያው ቀን የከተማይቱ ጉድጓዶች ውኃ እንደ ሐሞት መረረ። ንጉሥ አርማዝር ነጋሪት አስመትቶ፣ «በሰባት ቀን ውስጥ የሚጠጣ ውኃ ካልተገኘ አገራችንን ጥለን እንሰደዳለን!» ሲል አወጀ።

ዋርካው የቆመበት ስፍራ ዛሬ የጥራጊ ክምር ይሁን እንጂ ዱሮ የንግሥታት መናፈሻ ነበር። ዘሊር የሚባል ጅረትም በመካከሉ ይወርድ ነበር። የሳሬድ ሰው ልጅ ሲወለድለት ስሙን በድንጋይ ቀርጾ ጅረቱ ውስጥ ያኖራል፤ ውኃው ስሙን እየጠራ ልጁን ይጠብቅለታል ብሎ ያምናልና። ልማዱ ክፉ አልነበረም። ክፉው ፉክክሩ ነው። ጎረቤቱ ቡጢ የሚያህል ካኖረ፣ እሱ የወፍጮ ድንጋይ የሚያህል እያስጎተተ ይመጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ ዘሊር በልጆች ስም ታንቆ ደረቀ። መናፈሻውም አብሮ ደረቀ፤ ጥራጊ ተደፋበት። በጥራጊው ሥር ደግሞ ጉርዳ የሚባል ክፉ መንፈስ ገባ።

ጉርዳን በዓይኑ ያየ የለም። ድምፁን ግን የማያውቅ የለም። ከድንጋዮቹ ያነበበውን ስም በወዳጅ ድምፅ ይጠራል፤ «አቤት» ያለ ሰው ጭቃው ይውጠዋል። ስለዚህ የሳሬድ እናቶች ልጆቻቸውን ከሁሉ አስቀድመው የሚያስተምሩት ሲጠሩ ዝም ማለትን ነበር።

ማዕዶት የድንጋይ ጠራቢው የሶፎር ልጅ ናት። ሶፎር ስድስት ልጆች ቀብሮ የቀረችለት እሷ ብቻ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ከሰላምታ በፊት «ማዕዶት» ይላል። እሷም አፏን ሳትከፍት እጁን ትይዘዋለች። በሃያ ዓመት ውስጥ አንድም ጠዋት አልዘለሉም።

በሸንጎው ፊት አንዲት ዓይነ ስውር ነቢይት ቆመች። «ስሙ! የዘሊርን አፍ የዘጋው አንድ ድንጋይ ነው። እርሱ ሲሰበር ውኃው ይመለሳል። የባለ ድንጋዩ ስም ግን ከሰው ሁሉ አፍ ይጠፋል፤ የወለደውም ቢሆን ዳግም አይጠራውም።»

በሸንጎው ሁሉም የየራሱን ልጅ ድንጋይ እያሰበ መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። ማዕዶት ጉሮሮዋ በጥም ተሰንጥቆ ነበርና ወደ ፊት ወጣች። «በዋርካው ሥር እምላለሁ! የማንም ይሁን የማን እሰብረዋለሁ።»

ዞር ስትል የአባቷ ፊት አመድ መስሏል።  ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሶፎር አላያት አለ። ስድስት ቀን ሙሉ ከተማው ወጥቶ ጥራጊውን ሲያነሣ፣ እሱ ጥግ ይዞ መዶሻውን ይወለውላል። የማንን ድንጋይ ነው የሚያውቀው? የራሱን ይሆን? የአባቷን ስም ረስታ እንዴት ትኖራለች? ልትጠይቀው ፈለገች፤ ግን የጠረጠረችው እውነት ሆኖ እንዳይገኝ ፈራች።

በሰባተኛው ቀን ማለዳ ማዕዶትና ሶፎር ወደ ደረቀው ጅረት ወረዱ። ሦስተኛው የዘበኞቹ አለቃ ቢላር ነበር።

«አባባ፣ እርስዎ እንኳ ቢቀሩ ይሻላል» አለ ቢላር እየቀለደ። «ጉርዳ ቢጠራዎት ጆሮዎ አይሰማም፤ ተናዶ እኛን ይበላናል።»

«ድንጋይ በጉራ አይሰበርም፣ ልጄ» አለ ሶፎር።

ማዕዶት ለመሳቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። በግራ በቀኝ የተከመሩት ስሞች የሚያዩዋት መሰላት። ጭቃው ከጉልበት አለፈ። ድንገት ከፊታቸው የአንዲት አሮጊት ድምፅ፣ «ቢላርዬ፣ የኔ ጌታ» አለ። እናቱ ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቢላር ያን ሁሉ ቀልዱን ረስቶ እንደ ሕፃን ፊቱ በራ።

«አቤት፣ እማዬ!»

ማዕዶት እጁን ያዘች፤ ጭቃው ግን ዋጠው፣ እጇ ላይ የቀረው ጓንቱ ብቻ ነበር። ልትጮህ ስትል አባቷ አፏን ከደነላት። እያለቀሱ ከዘሊር ምንጭ አፍ ደረሱ።

በዚያ በር የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ተገትሯል። ጭቃውን ከላዩ ጠረገች። *ማዕዶት* ይላል።

ሶፎር ተንበረከከ። «ስድስቱ ሲሞቱብኝ ድንጋያቸው አንሶ ነው ብዬ አሰብሁ። ላንቺ ከሁሉ የሚበልጠውን፣ ውኃው ከሁሉ አስቀድሞ በሚያገኘው ቦታ አኖርሁ። አገር የጠማው በኔ ነው። ግን ስምሽን ካጣሁ ምን ብዬ አነጋለሁ?»

ማዕዶት ከድንጋዩ ወደ ኋላ አለች። ራሷን መርሳት፣ በአባቷ አፍ ባዶ መሆን! ያኔ ከጭቃው ውስጥ ድምፅ ተነሣ፤ የአባቷ የጠዋት ድምፅ ነው። «ማዕዶት።» አባቷ ግን አጠገቧ ከንፈሩን ገጥሞ ያለቅሳል። «ማዕዶት!» ሃያ ዓመት የታፈነው መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። እግሯ መስመጥ ጀመረ።

ሶፎር መዶሻውን እጇ ላይ አኖረ። መምታት አልቻለም፤ ግን ጠራቢ ነውና በጣቱ የድንጋዩን ጅማት፣ የሚሰነጠቅበትን መስመር፣ አሳያት።

መታችው። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። በሦስተኛው ድንጋዩ ለሁለት ተከፈለ።

«ማ…» አለ ጉርዳ፤ የሚቀጥለውን አጣው። የማይጠራውን መያዝ አልቻለምና ጭቃው እግሯን ለቀቀ። ከምንጩ አፍ የፈነዳው ውኃ ጉርዳን ከነእሪታው ጠርጎ ወሰደው።

ሕዝቡ የቀሩትን ድንጋዮች ከውኃው አውጥቶ፣ ስማቸው እንዲታይ አድርጎ፣ በጅረቱ ዳርና ዳር ደረደራቸው። የቢላርን ከዋርካው ሥር አኖሩት። ዋርካው አቆጠቆጠ፤ ልጆች መናፈሻው ውስጥ እየተራጩ ይጯጯሁ ጀመር። ልጅቱን ሁሉም ያከብራት ነበር። ምን ብሎ እንደሚጠራት ግን የሚያውቅ አልነበረም።

ውኃው በተመለሰ ማግስት ጠዋት ሶፎር በሯ ላይ ቆመ። አፉን ከፈተ፤ ምንም አልመጣለትም።  ልጅቱ ጠበቀችው፤ የረሳው ስሟን ብቻ ይሁን እሷንም ጭምር፣ አላወቀችም።

«ልጄ» አለ በመጨረሻ።

እጇን ልትዘረጋ ብላ ተወችው። በከተማይቱ ዝም የሚያሰኝ ነገር አልቀረም።

«አቤት፣ አባዬ» አለች።